የሕፃናት እድገትና የመኖሪያ አካባቢያችን ጥያቄ

«ልጅ በእድሉ ያድጋል» የሚለው አባባል በአገራችን ለብዙ ዘመን ሲነገር የኖረ፣ ዛሬም ከአንደበታችን ያልጠፋ ነው። የተፈጠረው በልጅ ላይ ክፉ ከመመኘት አይደለም። ስምንት ወልዶ አራት ለቀበረ፣ ክትባትም ሐኪምም በአጠገቡ ላልነበረው ወላጅ መጽናኛ ሆኖ ያገለገለ ነው። ይሁን እንጂ መጽናኛ የነገሩን ምክንያት አይገልጽም፤ እንዲያውም ምክንያቱን ከመመርመር ያዘናጋል። «እድል» የተባለው ነገር ተፈትሾ ሲታይ ሕፃኑ የሚተነፍሰው አየር፣ የሚጠጣው ውሃ፣ የሚድህበት ወለል፣ በቀን ውስጥ የሚሰማው ንግግርና ሲያለቅስ የሚያነሣው እጅ ሆኖ ይገኛል። እነዚህም ሁሉ የሚቆጠሩ፣ የሚለኩና በሰው ጥረት የሚለወጡ ተጨባጭ ነገሮች ናቸው።

ጉዳዩን በአሁኑ ወቅት ማንሣት የሚያስፈልግበት በቂ ምክንያት አለ። አዲስ አበባ ከሃያ ዓመታት ለሚበልጥ ጊዜ ነዋሪዎቿን ከሰፈር ሰፈር ስታዘዋውር ቆይታለች። በ1996 ዓ.ም. በተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ አማካይነት ከመቶ ሺህ የሚበልጡ ቤቶች ተሠርተው ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳና ኮዬ ፈጬን የመሰሉ ታላላቅ መንደሮች ተመሥርተዋል። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ደግሞ ፒያሳን የመሰሉ ነባር ሰፈሮችን ገጽታ ለውጦ ከነዋሪዎቻቸው ብዙዎቹን ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የከተማዋ ዳርቻዎች ወስዷል። በዚህ ሁሉ ዝውውር ስለ ካሳ፣ ስለ ካሬ ሜትር፣ ስለ ትራንስፖርትና ስለ ሥራ ቦታ ርቀት ብዙ ተብሏል፤ መባሉም ተገቢ ነው። ነገር ግን በስብሰባ አዳራሽ እጁን አውጥቶ መናገር የማይችል አንድ የኅብረተሰብ ክፍል አለ። ይኸውም ዕድሜው ከስድስት ዓመት በታች የሆነው ነው። ለእርሱ የቤት መለወጥ የአድራሻ መለወጥ ብቻ አይደለም። አእምሮው ገና በመገንባት ላይ እያለ የሚገነባበት ቁሳቁስ መለወጥ ነው።

ሰው ከዘሩ ነው ወይስ ከአስተዳደጉ የሚለው ክርክር በሥነ ልቡና ሊቃውንት ዘንድ ረጅም ዘመን አስቆጥሯል። አንደኛው ወገን ሁሉን ለደም ሲሰጥ ሌላው ወገን ሕፃኑን ምንም እንዳልተጻፈበት ሰሌዳ አድርጎ ይመለከት ነበር። ዛሬ ሁለቱም ለየብቻቸው አይቆሙም። ሕፃን ሲወለድ የአንጎሉ ክብደት የአዋቂውን ሩብ ያህል ነው፤ ሁለት ዓመት ሲሞላው ሦስት አራተኛ ገደማ ይደርሳል። በዚህ ወቅት ሰውነቱ በእረፍት ላይ ሆኖ ከሚያወጣው ኃይል ከግማሽ የሚበልጠውን የሚወስደው ይኸው አንጎል ነው። የነርቭ ሕዋሳት እርስ በርሳቸው የሚገናኙባቸው መስመሮች መጀመሪያ ከሚያስፈልገው በላይ በብዛት ይዘረጋሉ፤ ከዚያ በኋላ የተሠራባቸው ይጠነክራሉ፣ ያልተሠራባቸው ይከስማሉ። በሜዳ ላይ ሰው የሚመላለስበት ፈለግ መንገድ ሆኖ ሲቀር ያልተረገጠውን ሣር እንደሚውጠው ማለት ነው። የዘር ውርስ መስመሩን ይዘረጋል፤ የትኛው እንደሚረገጥ የሚወስነው ግን በአመዛኙ ሕፃኑ የሚኖርበት አካባቢ ነው።

አካባቢ ሲባል አስቀድሞ ወደ ሐሳባችን የሚመጣው ጣሪያ፣ አልጋና ምግብ ነው። እነዚህ ተሟልተው እንኳ ሕፃን ሊጎዳ እንደሚችል የሚያሳየው እጅግ መራራ ማስረጃ የተገኘው በሩማንያ ነው። የቻውሼስኩ መንግሥት የአገሪቱን ሕዝብ ቁጥር በፍጥነት ለማሳደግ ሲል እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1966 ድንጋጌ ቁጥር 770 አውጥቶ ፅንስ ማስወረድን ከለከለ፤ የወሊድ መከላከያም እንዲጠፋ አደረገ። ልጆች ተወለዱ። ማሳደጊያ ያጡ ወላጆች ልጆቻቸውን ለመንግሥት ማሳደጊያ ቤቶች አስረከቡ። መንግሥቱ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1989 ሲወድቅ በእነዚህ ቤቶች ውስጥ የተገኙት ሕፃናትና ልጆች ከመቶ ሺህ ይበልጡ ነበር። አልጋ ነበራቸው፤ በሰዓቱ የሚመጣ ምግብም ነበራቸው። ያልነበራቸው ነገር በስማቸው የሚጠራቸው፣ ሲያጉተመትሙ የሚመልስላቸው አንድ የታወቀ ሰው ነው። አንዲት ተንከባካቢ ብዙ ሕፃናትን በተራ ታጥባለች፣ በተራ ታጎርሳለች፣ ፈረቃዋ ሲያልቅ ትሄዳለች። ሕፃኑ ሲያለቅስ የሚመጣ ሰው ስለሌለ ከጊዜ በኋላ ማልቀሱንም ይተወዋል። ማሳደጊያ ቤቶቹን የጎበኙ ሰዎች ከሁሉ ይልቅ ያስደነገጣቸው ሕፃናት በሞሉበት ክፍል ውስጥ የሰፈነው ጸጥታ እንደነበረ ተናግረዋል።

እ.ኤ.አ. በ2000 በቡካሬስት የተጀመረው ጥናት ነገሩን ከስሜት ወደ ማስረጃ አሸጋገረው። ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 31 ወር የሆነ 136 ሕፃናት ተመዝግበው ግማሾቹ በዕጣ ተለይተው ለተዘጋጁ አሳዳጊ ቤተሰቦች ተሰጡ፤ የቀሩት በተለመደው አያያዝ ቀጠሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው ውጤት በቤተሰብ ውስጥ ያደጉት በአእምሮ ችሎታ መለኪያ በግልጽ እንደበለጡ አመለከተ። ከእነርሱም መካከል ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ከማሳደጊያው የወጡት ዘግይተው ከወጡት የተሻለ አንሰራርተዋል። እዚህ ላይ አንድ ስሕተት እንዳይፈጸም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ይህን ጥናት እያነሡ «ስለዚህ እናት ከቤት አትውጣ» የሚሉ አሉ። ጥናቱ እንዲህ አይልም። አሳዳጊዎቹ የወለዱ እናቶች አልነበሩም። ለውጡን ያመጣው የማይለዋወጥ፣ ሕፃኑን የሚያውቅና የሚመልስለት ሰው መገኘቱ ነው። ያ ሰው እናት ሊሆን ይችላል፤ አባት፣ አያት፣ ሞግዚት፣ በሚገባ የተደራጀ ማቆያ ውስጥ የምትሠራ ባለሙያም ልትሆን ትችላለች።

ወደ አገራችን ስንመለስ ደግሞ የምግብና የንጽሕና ጥያቄ ገና ያልተዘጋ መሆኑ ግልጽ ነው። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት እ.ኤ.አ. በ2000 ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑት የኢትዮጵያ ሕፃናት 58 በመቶው በመቀንጨር የተጎዱ ነበሩ። ይህ ቁጥር በ2016 ወደ 38፣ በ2019 ወደ 37 በመቶ ወርዷል። መውረዱ የብዙ ሰዎች፣ በተለይም በየገጠሩ በእግራቸው የሚዞሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ድካም ያስገኘው ውጤት ስለሆነ ሊናቅ አይገባውም። ሆኖም በ2016ቱ ጥናት በአማራ ክልል 46 በመቶ፣ በአዲስ አበባ 15 በመቶ መሆኑ ሕፃኑ የተወለደበት ቦታ ምን ያህል እንደሚወስን ያሳያል። የቀነጨረ ሕፃን አጭር ሰው ብቻ ሆኖ አያድግም። ያ ምግብ ያጣ ሰውነት አንጎሉንም ሲመግብ የነበረ ነው።

ከአካባቢ የሚመጣው ጉዳት ሁልጊዜ በዓይን አይታይም። ለምሳሌ ጨውን እንመልከት። አዮዲን በበቂ መጠን ያላገኘች ነፍሰ ጡር የምትወልደው ልጅ የአእምሮ እድገት ሊጎዳ እንደሚችል ከታወቀ ቆይቷል። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ በአሰብ በኩል ይገባ የነበረው አዮዲን ያለው ጨው ተቋረጠ፤ አዮዲን ያልተጨመረበት የአፍዴራ ጨው ገበያውን ያዘ። አዮዲን መጨመርን ግዴታ ያደረገው ደንብ የወጣው ግን እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። በእነዚያ ዓመታት በየማጀቱ ወጥ የምታጣፍጥ እናት ድንበር ላይ የሚሆነው ነገር ወደ ማሕፀኗ እንደሚደርስ የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም። የእርሳስም ነገር እንዲሁ ነው። ሕፃን ከሚውጠው እርሳስ ወደ ደሙ የሚያስገባው መጠን ከአዋቂው አራትና አምስት እጥፍ ይደርሳል፤ ጉዳቱም የሚያርፈው አእምሮው ላይ ነው። እርሳስ ያለው ቤንዚን ከዓለም የመኪና መንገዶች ፈጽሞ የጠፋው አልጄሪያ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 መሸጥ ካቆመች በኋላ ነው። በአገራችን በቀለም ውስጥ የሚገኘውን እርሳስ የሚገድበው ደንብ እ.ኤ.አ. በ2018 ወጥቷል። ከዚያ በፊት የተቀባ በርና መስኮት ግን ደንብ ስለወጣ አይላጥም፤ የሕፃን አልጋም ብዙውን ጊዜ የሚጠጋው ወደ መስኮቱ ነው።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የተገኘ አንድ የምርምር ውጤት ለኛ ለከተማ ነዋሪዎች ከሁሉም በላይ በጥሞና ሊታይ የሚገባው ነው። በባንግላዴሽ፣ በኬንያና በዚምባብዌ የገጠር አካባቢዎች ሰፊ ሙከራዎች ተካሂደው ውጤታቸው እ.ኤ.አ. በ2018ና በ2019 ታትሟል። ለተመረጡ ቤተሰቦች የተሻሻለ መጸዳጃ፣ የእጅ መታጠቢያና ውሃ ማከሚያ ክሎሪን ተሰጠ። በዚምባብዌ ሕፃኑ አፈርና የዶሮ ኩስ ወደ አፉ እንዳይወስድ በማሰብ የታጠረ መጫወቻ ጭምር ተጨመረ። ተመራማሪዎቹ የጠበቁት ሕፃናቱ በቁመት እንዲጨምሩ ነበር። አልጨመሩም። በጥቂቱ የተሻሻሉት ተጨማሪ ምግብ ያገኙት ናቸው። ይህን ሰምተው ንጽሕና ከንቱ ነው ወደሚል ድምዳሜ የሚቸኩሉ አይጠፉም። ነገሩን በጥልቀት የመረመሩ ባለሙያዎች የደረሱበት አስተያየት ግን የተለየ ነው። በአካባቢው ያለው ብክለት እጅግ ብዙ ከሆነ በአንድ ቤት ደጃፍ የተደረገው መሻሻል ከባሕር በጭልፋ እንደመቅዳት ይሆናል። ጀርሙ አጥር አያውቅም። ሕፃኑ ከጎረቤት ልጅ ጋር ይጫወታል፤ ዝንቡ ከዚያኛው ግቢ ወደዚህኛው ይመጣል፤ ጎርፉ የላይኛውን ሰፈር ቆሻሻ ለታችኛው ያወርዳል። በተደጋጋሚ በጀርም የሚጠቃ አንጀት ግድግዳው ይቆስላል፤ የቆሰለ አንጀት ደግሞ የተሰጠውን ምግብ በሙሉ ወደ ደም አያሳልፍም። ስለዚህ አንዲት እናት ቤቷን የቱንም ያህል ብታጸዳ ልጇን የምታሳድገው በቤቷ ውስጥ ብቻ አይደለም። የሕፃን አካባቢ በባሕርዩ የጋራ ነው፤ የጋራ የሆነው ነገር በግል ጥረት ብቻ እንደማይፈታ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል።

በሌላ በኩል ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር ምን ያህል ሊሠራ እንደሚችል ከጃማይካ እንማራለን። እ.ኤ.አ. በ1986ና በ1987 በኪንግስተን ድሃ ሰፈሮች በመቀንጨር የተጎዱ 129 ሕፃናት ተመዝግበው ከፊሎቹ ወተት፣ ከፊሎቹ የቤት ለቤት ጉብኝት፣ ከፊሎቹ ሁለቱንም እንዲያገኙ ተደረገ። ለማነጻጸር የቀሩትም ነበሩ። ጉብኝቱን ያካሄዱት ከፍተኛ ትምህርት የሌላቸው የሰፈር የጤና ረዳቶች ናቸው። በሳምንት አንድ ሰዓት፣ ለሁለት ዓመት፣ ወደ ቤቱ እየሄዱ እናቲቱ ከልጇ ጋር እንዴት እንደምትጫወትና እንደምትነጋገር ያሳዩ ነበር። መጫወቻው በየቤቱ ከተጣለ ዕቃ የተሠራ ነው። ሃያ ዓመት ቆይቶ እነዚያ ልጆች ሠራተኞች ሲሆኑ ገቢያቸው ሲመዘን ጉብኝቱን ያገኙት ካላገኙት በ25 በመቶ ይበልጥ ነበር፤ ባልቀነጨሩ የሰፈሩ ልጆች ደረጃም ደርሰዋል። ወተቱ ብቻውን ይህን ያህል ዘላቂ ውጤት አላሳየም። እርግጥ የ129 ልጆች ጥናት የዓለምን ጥያቄ ሁሉ አይዘጋም። ቢሆንም ንግግርና ጨዋታ የሀብታም ልጅ ቅንጦት ነው ለሚል ሰው ጥሩ መልስ ነው። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በዘረጋው የቀዳማይ ልጅነት እድገት መርሐ ግብር ወደ ቤተሰቦች የሚሄዱ ባለሙያዎችን ማሰማራቱ በዚህ አቅጣጫ የተወሰደ እርምጃ ነው።

እነዚህን ማስረጃዎች ይዘን ወደ ሰፈራችን እንግባ። የድሮውን ግቢ የሚያሞግስ ብዙ ጽሑፍ አለ፤ አንዳንዱ በግቢው ያልኖረ ሰው የጻፈው ይመስላል። ስምንት አባወራ በአንድ መጸዳጃ ይጠቀም ነበር። ማድቤቱ በጭስ የጠቆረ ነው፤ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ እንጀራ ሲጋገር የሚውል ሕፃን ጭሱን ከእርሷ እኩል ይስባል። በበሩ ፊት የሚያልፈው ቦይ ክፍት ነው። ክረምት ሲገባ ተቅማጡና ሳሉ ከቤት ቤት ይዞራል። ይህ እንዲቀጥል መመኘት ለሕፃናት ማሰብ አይደለም። በጋራ መኖሪያ ቤት ውስጥ የራሱ መጸዳጃ፣ የራሱ ቧንቧ፣ ጭስ የሌለበት ምጣድ ያገኘ ቤተሰብ ውሃው በፈረቃ ቢመጣና መብራቱ ቢጠፋ እንኳ ለሕፃኑ ሳንባና አንጀት ትልቅ ነገር አግኝቷል።

ግቢው ግን በካሳ ሰነድ ላይ ያልተመዘገበ ሌላ ሀብት ነበረው። ከሁለት እስከ አሥር ዓመት ያሉ ልጆች በአንድነት የሚውሉበት፣ ትልቁ ለትንሹ የሚያሳይበት፣ በየበረንዳው ምስር የሚለቅሙ እናቶችና አያቶች ሳይከፈላቸው የሚጠብቁት ሜዳ ነበር። የጎረቤትን ልጅ መቆጣት የማንም መብት፣ ማጉረስም የማንም ግዴታ ነበር። እናቱ ወደ ገበያ የሄደችበት ሕፃን ባዶ ቤት አያገኝም። ድብብቆሽ፣ ብይ፣ ሰኞ ማክሰኞ የተማርነው ከአስተማሪ አይደለም። የሶቪየቱ የሥነ ልቡና ሊቅ ሌቭ ቪጎትስኪ (እ.ኤ.አ. ከ1896 እስከ 1934) ሕፃን ዱላውን ፈረስ አድርጎ ሲጋልብ አንድን ነገር በሌላ ነገር መወከልን፣ ማለትም የማሰብን መሠረት እየጣለ መሆኑን አስረድቷል። የሕፃን ችሎታም ብቻውን በሚሠራው ብቻ ሳይሆን ከእርሱ ከሚበልጥ ሰው ጋር ሆኖ በሚደርስበት ጭምር መለካት እንዳለበት አስተምሯል። ሁለት ልጃገረዶች በቆርኪ ድስት፣ በአፈር ሽሮ፣ በቅጠል እንጀራ ዕቃ ዕቃ ሲጫወቱ የተመለከተ ሰው የቪጎትስኪን ትምህርት በተግባር አይቷል ማለት ይቻላል። ልዩነቱ ትልቆቹ ልጆች «አንቺ እንግዳ ሁኚ» እያሉ ትንሿን የሚያስገቡበት ሜዳ ያስፈልጋል።

ይህ ሜዳ ነው በፎቁ ላይ የጠፋው። በአራተኛ ፎቅ የሚኖር የሁለት ዓመት ልጅ ብቻውን ደረጃ አይወርድም፤ በረንዳው ያሰጋል፤ ታች ያለው ቦታ የመኪና ማቆሚያ ሆኗል። በሩ ይዘጋል። ብዙ ባለዕጣዎች ቤታቸውን ስለሚያከራዩ ጎረቤቱ በየጊዜው ይለዋወጣል፤ ልጁን አደራ የሚባል ሰው ሳይታወቅ ዓመት ያልፋል። በቤቱ ውስጥ የሚቀረው ቴሌቪዥንና ስልክ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ አንድ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ምንም ስክሪን እንዳያይ፣ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያለው ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ከአንድ እስከ አራት ዓመት ያለው ደግሞ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ ሰውነቱን እንዲያንቀሳቅስ መክሯል። በአንድ መኝታ ክፍል ስቱዲዮ ውስጥ 180 ደቂቃ የት ይሮጣል?

እናትና አባት የት ናቸው የሚል ጥያቄ ይነሣል። ሥራ ላይ ናቸው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወለደች ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀን ፈቃድ ይሰጣል፤ ለአባት 3 ቀን። ባለሙያዎች ከፅንስ እስከ ሁለት ዓመት ያሉትን አንድ ሺህ ቀናት ወሳኝ ይሏቸዋል፤ ከእነዚህም 730ው ከልደት በኋላ ያሉ ናቸው። ፈቃዱ ካለቀ በኋላ ላሉት ለብዙዎቹ ቀናት ሕፃኑ ማን ጋ ይውላል? በከተማችን መልሱ በአብዛኛው የታወቀ ነው። ከገጠር የመጣች፣ አንዳንዴ ራሷም ገና ልጅ የሆነች የቤት ሠራተኛ ጋ። ትጋገራለች ታጥባለች፣ ትወለውላለች፣ በዚያ መካከል ሕፃኑን ታያለች። አሠሪዎቿ ማታ ሲገቡ የተወለወለው ወለል ይታያቸዋል፤ ከሕፃኑ ጋር ስታወራ የዋለችው ሰዓት ግን አይታይም፣ እንዲያውም ሥራ ፈትነት ይመስላል። ስለዚህ ቴሌቪዥኑን ከፍታለት ወደ ልብሱ ትሄዳለች። በእርሷ መፍረድ አይገባም። ከሕፃን ጋር መነጋገር ሥራ መሆኑን፣ ምናልባትም በቤቱ ውስጥ ከሚሠራው ሁሉ ዋናው ሥራ መሆኑን የነገራት ሰው የለም፤ ደመወዟም ይህን አይመሰክርም። በሽንኩርት ልጣጭ አጠገብ ተቀምጦ «ይሄ ምንድን ነው?» ለሚል ልጅ በአፏ መፍቻ ቋንቋ ብትመልስለት እንኳ ለልጁ ትርፍ እንጂ ኪሳራ የለውም።

የጋራ ማቆያ ሐሳብ ለከተማችን እንግዳ አይደለም። በ1970ዎቹ ብዙ ቀበሌዎች የራሳቸው አፀደ ሕፃናት ነበራቸው። ክፍሎቹ የተጣበቡ፣ አስተማሪዎቹ ጥቂቶች፣ ትምህርቱም በአብዛኛው ፊደል በኅብረት መጮህ ስለነበረ ያለ እንከን እንደነበሩ አድርጎ መናገር አይቻልም። ነገር ግን የዕለት ሠራተኛ ልጅ በእግሩ ደርሶ የሚገባባቸው ነበሩ። በ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከወጣ በኋላ ይህ ዘርፍ በአመዛኙ ለግል ባለሀብቶችና ለበጎ አድራጊ ድርጅቶች ተተወ፤ የመክፈል አቅም ያለው ልጁን አስገባ፣ የሌለው እቤት አስቀመጠ ወይም ወደ ቄስ ትምህርት ላከ። በ2002 ዓ.ም. ብሔራዊ የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት ማዕቀፍ ከወጣ ወዲህ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች «ኦ» ክፍል መከፈቱ ይህን ክፍተት በከፊል ደፍኗል። ክፍሉ ግን ልጁን የሚያገኘው ስድስት ዓመት ሲሞላው ነው፤ የቡካሬስቱ ጥናት የሚናገረው ስለ ሁለት ዓመት ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ መደንገጉም ታላቅ እርምጃ ነበር፤ ተጠቃሚዎቹ ግን የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው። ጉሊት የምትቸረችረው፣ በግንባታ ላይ ሲሚንቶ የምትሸከመው፣ በፋብሪካ በፈረቃ የምትሠራው እናት በዚያ ዝርዝር ውስጥ አልገባችም።

ለእነዚህ እናቶች ቅርብ የሆነው ቦታ የሚኖሩበት መንደር ራሱ ነው። የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሲነደፉ ለጥቂት ብሎኮች አንድ «የጋራ ቤት» ተብሎ የሚታወቅ ሕንፃ አብሮ ተሠርቷል። የታሰበው እንጀራ ለመጋገር፣ ልብስ ለማጠብ፣ በበዓል በግ ለማረድ ነው። ዛሬ በብዙ ሳይቶች ይህ ቤት ለሱቅ፣ ለመጋዘን ወይም ለሌላ ንግድ ተከራይቶ ይታያል። የነዋሪዎች ማኅበራት ኮሚቴዎች የሚያቀርቡት ምክንያት ውሃ የማያነሣ አይደለም። ኪራዩ የጥበቃ ደመወዝ ይከፍላል፣ የፍሳሽ መስመር ያስጠግናል። ይሁንና በአንድ ብሎክ ውስጥ ሃያ ቤተሰብ ለየራሱ ሠራተኛ ቀጥሮ፣ ለየራሱ ልጅ ቴሌቪዥን ከፍቶ የሚያወጣው ወጪ ከኪራዩ ጎን ተጽፎ የተደመረበት ጉባኤ ስለመኖሩ ያጠራጥራል። የመኪና ማቆሚያውም እንዲሁ ነው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአንዳንድ እሑዶች አውራ ጎዳና ለመኪና ተዘግቶ ልጆች ሲሮጡበት አይተናል። ዋናው ጎዳና ለጥቂት ሰዓት የሚዘጋ ከሆነ የአንድ ብሎክ ግቢ ከሰዓት በኋላ ለሁለት ሰዓት በገመድ የማይዘጋበት ምክንያት አይታይም።

ይህን ስንል የመንደሩ ነዋሪ የመንግሥትን ድርሻ ተሸክሞ ይውጣ ማለታችን አይደለም። የሠለጠነ ባለሙያ፣ የጤና ቁጥጥርና የማይቋረጥ ውሃ የማቅረብ ኃላፊነት የወረዳውና የከተማው ነው። ለአዲስ መንደር ፕላን ሲነሣም የመጫወቻ ሜዳው ከብሎኩ ጋር አብሮ መሠራት አለበት፤ ነዋሪው ገብቶ መኪናው ቦታውን ከያዘ በኋላ ሜዳ ማስለቀቅ ከባድ ነው። በቅርቡ ወደ አዲስ ሰፈር የተዛወሩ ቤተሰቦች ደግሞ የሚችሉ ከሆነ አንድ ነገር ቢጠይቁ መልካም ነው፤ በአንድ ግቢ ያደጉ ልጆች በአንድ ብሎክ እንዲመደቡ። ቤት በዕጣ ሲከፋፈል የድሮ ጎረቤት ከጎረቤቱ ይለያያል። ለአዋቂው ይህ ናፍቆት ነው፤ ለሦስት ዓመቱ ልጅ ግን የሚያውቃቸውን ፊቶች ሁሉ በአንድ ቀን ማጣት ነው።

ለማኅበሩ የሚቀርበው አጀንዳ በጣም አጭር ነው። የጋራ ቤቱ የኪራይ ውል መቼ ያልቃል? ከክፍሎቹ አንዱ ወለሉ የሚታጠብ፣ ቧንቧ የቀረበለት፣ ከመኪና መንገድ በአጥር የተከለለ ሊሆን ይችላል ወይ? ከጡረተኞቹ እናቶች መካከል ሥልጠና ወስዳ በክፍያ ለመሥራት የምትፈልግ ማን ናት? በየፎቁ ስንት ሕፃን አለ? የመጨረሻውን ጥያቄ መመለስ የሚችል ኮሚቴ እስካሁን አላጋጠመንም። የመኪኖቹን ብዛት ግን ሁሉም ያውቁታል።